የዓባይ ልጅ ውሃ ሲጠማው

ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው ሐኪም አይደለም። ጋዜጠኛ ነበርኩ። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ በውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ያገኘሁት ዲግሪ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ አልጋዬ ሥር ካለች ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። በዚህ የሚገረም የጋዜጣችን አንባቢ አይኖርም፤ ስንቱ መሐንዲስ ፓርኪንግ ይጠብቅ የለም እንዴ! ነገር ግን የቀድሞ ሙያ እንደ አመል ነው፤ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅና ሳላገላብጥ ማለፍ አልችልም። የዛሬው ጽሑፍም የመጣው ከዚሁ አመል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ከሌሊት ሥራዬ ወጥቼ በ495 አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድሪያ እየነዳሁ ነበር። የዊልሰን ድልድይ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ እጆቼ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ይደልቃል፤ ከፊቴ ያለው የመኪና መብራት ሁለትም ሦስትም ይሆንብኛል። እንደምንም ከመንገዱ ዳር አውጥቼ አቆምኩ። ስኳር አለብህ ተብዬ መድኃኒት ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበርና «በቃ፣ ስኳሬ ወደቀ፤ እዚሁ ልቀር ነው» አልኩ። መለኪያዬን ከቦርሳ አውጥቼ ጣቴን ወጋሁ። 92 ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ጣት ወጋሁ። 94።

92 ማለት እኮ ማንም ጤነኛ ሰው ቁርስ ሳይበላ ሲለካ የሚያገኘው ቁጥር ነው። ስኳር ወደቀ የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው። ሰውየው እየሞተ መሣሪያው «ደህና ነህ» ይለዋል! እኔም መሣሪያውን ትቼ ሰውነቴን አመንኩ። መኪናዋ ውስጥ የነበረችውን ኮካ ኮላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኳት፤ በአንዲት ጣሳ 39 ግራም ስኳር አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ነፍሴ መለስ አለች፤ ስለካ 190 ገብቷል፤ እኔም እንደ ጤነኛ ሰው ድልድዩን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። ክኒኖቹን ከመሳቢያ ሥር ወርውሬ ለባለቤቴ «እነዚህ መድኃኒቶች ሊገድሉኝ ነው፤ ከእንግዲህ አልነካቸውም» አልኳት።

ወደ ኋላ ልመለስ። ስኳር እንዳለብኝ ከመታወቁ በፊት አንድ ዓመት ያህል ቃላት ይጠፉብኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል። እኔ ግን በቃል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከቃል በቀር ከሀገሬ ይዤ የወጣሁት ንብረት የለኝም። ባለቤቴን «እስኪ ያንን… ያንን ሾርባ የሚጠጣበትን ነገር አቀብይኝ» ብያት «ማንኪያ ነው የምትለው?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ለዚህ ጋዜጣ አንዲት ገጽ ለመጻፍ ተቀምጬ ሁለት ሌሊት ይፈጅብኝ ጀመር። ደግሞ አልጠግብም። ሙሉ እንጀራ በልቼ፣ ወጡን ጠርጌ ከማዕድ ስነሣ ሆዴ ተነፍቶ ልቤ ግን «ጨምር» ይለኛል። ውሃ ጥሙንና የሌሊት ሽንቱን የሥራዬ ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት። ሆቴል ውስጥ ሌሊት ምን ሥራ አለ፣ ቡና መጠጣት ነው እንጂ። ቡናዬ ደግሞ የእናቴ ቡና ነው፤ ሲኒው ሳይሞላ ስኳሩ ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ያየኝ ሰው ከላይ እስከ ታች ቃኝቶኝ «ቀጭን ነህ፤ ዕድሜህም ገና ነው፤ ድካም ይሆናል» ብሎ ያለ ደም ምርመራ ሸኘኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማን ይጠላል! በእኛ ዘንድ ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ስመረመር የደሜ ስኳር 340፣ የሦስት ወር አማካዩ ደግሞ 11.8 ከመቶ ነበር። 6.5 ሲደርስ ስኳር በሽታ ይባላል።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በቤተዝዳ፣ በብሔራዊው የጤና ተቋም ውስጥ ዶክተር አን ሰምነርና ባልደረቦቻቸው «አፍሪካውያን በአሜሪካ» በተባለ ጥናታቸው በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር አፍሪካውያን ስደተኞችን ስኳር አጠጥተው፣ ደም እየቀዱ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ያ የሦስት ወር አማካይ የሚባለው ምርመራ ብቻውን ሲደረግ ከእኛ ውስጥ የስኳር መዛባት ያለባቸውን ብዙ ሰዎች እንደሚያሳልፍ፣ ሌላ የደም ምርመራ ሲታከልበት ግን የሚገኙት ሰዎች ቁጥር ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ውፍረት የሌለውን አፍሪካዊ «ቀጭን ነህ» ብሎ መሸኘትም ስህተት መሆኑ ከዚሁ ጥናት ወጥቷል። ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 «ዳያቢትስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወደ እስራኤል በገቡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ዘንድ የስኳር በሽታ በብዛት መገኘቱ ተጽፎ ነበር። ስደት ጠባይን ብቻ ሳይሆን ደምንም ይለውጣል ማለት ነው።

ወደ ክኒኖቹ ልመለስ። ወርውሬአቸው ሦስተኛው ቀን ላይ ጋሼ ደወለልኝ። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደለም፤ እዚህ ስመጣ የተቀበለኝ፣ አሌክሳንድሪያ በዱክ ጎዳና አካባቢ የሚኖር፣ ዕድሜውን በታክሲ የፈጀ አዛውንት ነው። የደረሰብኝን ስነግረው ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ገና ገባህ? እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ነው የነቃሁባቸው። 110 ሲገባልኝ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠኛል። ለእኔ የሚስማማኝ 250 ነው። የገዛ ስኳሬን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

«ታዲያ እርስዎ መድኃኒቱን አቆሙት?»

«ድሮ!»

ይህን ሲለኝ ነው የቀዘቀዝኩት። ጋሼ ታክሲውን ያቆመው ለምን እንደሆነ አውቃለሁና። ቀኝ ዓይኑ ደም ፈስሶበት፣ ሌዘር ተተኩሶበት፣ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ግራውም እየተከተለ ነው። «የሚስማማኝ 250» ያለው ሰው የከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ እኔም በዚያው መንገድ ሦስተኛ ቀኔን ይዤ ነበር። ግን ደግሞ ጋሼ ውሸታም አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። መንቀጥቀጡ እውነት ነው፤ ላቡም እውነት ነው። ሁለታችንም በደህና ቁጥር ላይ ሞት አይተናል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ሐኪሜን ጠየቅኋት። «አንጎልህ 300ን ለምዶ ነው፤ ይለምደዋል፤ መድኃኒቱን አታቋርጥ» አለችኝና ወደ ሌላው በሽተኛ ሄደች። «ለምዶ ነው» የሚለው መልስ ለጋዜጠኛ አይበቃም። ሌሊት ሌሊት፣ እንግዳ ሲተኛልኝ፣ የሆቴሉን ኮምፒዩተር ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ከሚቃጠለው ጉልበት ግን ወደ ሃያ በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይበላል። ምግቡ በዋናነት ግሉኮስ ነው፤ ለራሱ ያስቀመጠው ጎተራም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከደቂቃ ደቂቃ ደም ያቀርብለታል። ነገር ግን ደም ያመጣው ሁሉ ዝም ብሎ አንጎል ውስጥ አይገባም። በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ጥብቅ ኬላ አለ። ስኳር በዚህ ኬላ የሚያልፈው «ግሉት አንድ» በሚባሉ ልዩ በሮች ነው። የጡንቻ በሮች ሌሎች ናቸው፤ እነሱን የሚከፍታቸው ኢንሱሊን ነው። የአንጎል ኬላ በሮች ግን ኢንሱሊንን አይጠብቁም፤ ደም ውስጥ ያለውን ብዛት ተከትለው ያሳልፋሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው (እኔም ጭምር) «የደሜ ስኳር ከበዛ አንጎሌ ጠግቧል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1981 አልበርት ጌዴ እና ክርስቲያን ክሮን የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። የደም ስኳራቸው ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ አይጦችን ሲመረምሩ ኬላው የማሳለፍ አቅሙን ቀንሶ አገኙት። በገበያው ስኳር ሲትረፈረፍ ኬላ ጠባቂው በሮቹን መቀነስ ይጀምራል እንደማለት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይመስልም፤ አንጎል ከጎርፉ ራሱን ሲከላከል ነው ልንል እንችላለን። ችግሩ ጎርፉ ሲጎድል ነው። የአይጦቹ የደም ስኳር ወደ ጤነኛው መጠን ሲወርድ የተቀነሱት በሮች ወዲያው አልተመለሱም፤ ወደ አንጎል የሚገባው ግሉኮስ ከተለመደው በታች ሆነ። ደሙ ጤነኛ፣ አንጎሉ ጎዶሎ!

ይህን ሳነብ የዊልሰን ድልድይ ማለዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። 92።

አይጥ አይጥ ነው፤ ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ1988 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ ዶክተር ፊሊፕ ቦይልና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙትን አገኘሁ። ስኳራቸውን በደንብ ያልተቆጣጠሩ በሽተኞችንና ጤነኞችን ወስደው የደም ስኳራቸውን በጥንቃቄ ቀስ እያደረጉ አወረዱትና «መቼ ተሰማህ?» ብለው ጠየቁ። ጤነኞቹ የመውደቅ ስሜት የተሰማቸው በአማካይ 53 ገደማ ላይ ነው። በሽተኞቹ ግን 78 ላይ ነው መንቀጥቀጥና ማላብ የጀመሩት። 78 በሕክምና መጽሐፍ ወደቀ የሚባል ቁጥር አይደለም። እንግዲህ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አብዷል ማለት ነው፤ ይህን ሳውቅ የተሰማኝን እፎይታ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ደግሞ ቴክኖሎጂው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ጃኒስ ህዋንግና ባልደረቦቿ የሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ያለውን ግሉኮስ ጭንቅላት ሳይከፈት በማግኔት መሣሪያ ለኩ። ቀጫጭን ጤነኞች፣ ወፍራሞችና ስኳራቸው ያልተስተካከለ ሰዎች ሌሊቱን ጾመው አደሩ፤ ከዚያ በደም ሥራቸው ግሉኮስ እየተሰጣቸው የሁሉም የደም ስኳር 220 አካባቢ እንዲቆይ ተደረገ፤ ለሁለት ሰዓት። በጤነኞቹ አንጎል ውስጥ ግሉኮሱ ከፍ አለ። በወፍራሞቹና በስኳር በሽተኞቹ ግን፣ ደማቸው ውስጥ ያለው እኩል ሆኖ ሳለ፣ አንጎላቸው ውስጥ የጨመረው በጣም ጥቂት ነበር። እኛ አማሮች ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለን፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ከዚህ ጥናት ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን ስለ ረሃባቸውና ስለ ጥጋባቸውም ጠይቀዋቸው ነበር። ግሉኮስ በብዛት አንጎላቸው የገባላቸው ጤነኞቹ፣ ሌሊቱን ምንም ሳይቀምሱ አድረው እንኳ የመጥገብ ስሜት ነበራቸው። አንጎል ስኳሩ መድረሱን ካልሰማ «ጠገብኩ» የሚለው ቃል ከየት ይመጣል? ባለቤቴ «ሆዳም ሆንክ» ስትለኝ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ይህን አንብቤላት «እስኪ አሁን ሆዳም በይኝ» ብላት «ሆዳም አንጎል አለህ» አለችኝ። ከእሷ ጋር ክርክር አይቻልም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፤ ሳይንቲስቶቹ ሁሉ በዚህ አልተስማሙም። በሰው ላይ ለክተው ልዩነት ያላገኙም አሉ፤ የዬሉም ጥናት ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። መንቀጥቀጡ ራሱ ከኬላው ብቻ ሳይሆን ሰውነት ከሚረጫቸው እንደ አድሬናሊን ካሉ ቅመሞች ጭምር የሚመጣ ነው። ቃል የጠፋብኝም ኬላው ስለጠበበ ብቻ ነው ብዬ መሐላ አልገባም፤ እንቅልፍ ማጣትም፣ ሐሳብም፣ ስደትም አለ። የተደናገርኩበትን ግን በጥቂቱም ቢሆን ፈታልኝ። «የሚስማማኝ 250» የሚለው የጋሼ ንግግር የበሽታው ድምፅ እንጂ የሰውነቱ አልነበረም። በሮቹ የተቀነሱበት አንጎል ነው «ጨምር፣ ጨምር» የሚለው፤ ስንጨምርለት ደግሞ በሮቹን እንደቀነሰ ይቆያል።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ «በሮቹ ይመለሳሉ ወይ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ዳያቤቶሎጂያ» በተባለው መጽሔት ላይ እነዚሁ የዬል ሰዎች ተመልሰው መጥተዋል። ስኳራቸው በጣም የተዛባ ሰዎችን ለ12 ሳምንት ጠበቅ ባለ ሕክምና ይዘው ከዚያ በኋላ እንደገና ሲለኳቸው ወደ አንጎላቸው የሚገባው ግሉኮስ ተሻሽሎ አገኙት። 12 ሳምንት! ከሁዳዴ ጾም ቢበልጥ በአንድ ወር ነው። ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ማንም በሌለበት የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ለሐኪሜ ደውዬ ክኒኖቹን መጣሌን ተናዘዝኩ። ተቆጣችኝ፤ ይገባኛል። ግን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አደረገች፤ ከሁለቱ ክኒኖች ግሊፒዛይድ የሚባለውን ቀነሰችውና ሜትፎርሚኑን አቆየችው። «በአንድ ጊዜ ከ340 ወደ 90 አንወርድም፤ በየሳምንቱ ደረጃ በደረጃ እንውረድ» አለችኝ። ሥርዓትም አወጣችልኝ። መንቀጥቀጥ ሲመጣ መጀመሪያ መኪና ማቆም፣ ቀጥሎ መለካት። ከ70 በታች ከሆነ ያለ ክርክር 15 ግራም ስኳር መውሰድ፤ ግማሽ ኩባያ ገደማ ጭማቂ ማለት ነው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። መለኪያ ከሌለኝም እንደወደቀ ቆጥሬ ስኳሩን መውሰድ፤ የእውነት የወደቀ ስኳር ቀልድ አያውቅምና። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ስሜቱ ብቻ ከመጣ ደግሞ ጥቂት ነገር ቀምሶ፣ ተቀምጦ፣ መለካት እየደገሙ መጠበቅ፤ ኮካ አይነካም። ክኒን ማቆምና መቀነስ ግን በስልክ ከእሷ ጋር እንጂ ከጋሼ ጋር አይደለም!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። በ140 ላይ ተንቀጥቅጫለሁ። በጥር ወር ግን 120 ላይ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነበብኩ፤ በመጋቢት 95 ላይ መኪና ነድቼ ዊልሰን ድልድይን ስሻገር ምንም አልተሰማኝም፤ ከወንዙ ላይ የወጣውን ጭጋግ አየሁ እንጂ። የሦስት ወሩ አማካይ ወደ 7.4 ወርዷል። ቃላቱም ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ይህቺን ጽሑፍ የጻፍኳት በአንድ ሌሊት ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። መለኪያውን ከአሮጌ የታክሲ ወረቀቶች ሥር ፈልጌ አወጣሁት፤ ባትሪው አልቆ ነበር፤ በራሴ ለካሁት። ከአዲሷ ሐኪሙ ጋር ከተነጋገረ አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ዓይኑንም እያዩለት ነው። 131።

«ምን ይሰማዎታል?»

«እጄን አታየውም? ይኸው ይንቀጠቀጣል። ፍሪጅ ውስጥ ጭማቂ አለ፤ አምጣልኝ።»

«ትንሽ እንጠብቅ ጋሼ። 131 እኮ ነው።»

«ስንት ሰዓት?»

«15 ደቂቃ።»

እንጎቻውን ቆርሼ ጥቂት አቀመስኩት። ቡናውን ያለ ስኳር ቀዳሁለት። በደህናው ዓይኑ ወደ ሲኒው፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «ያለ ስኳር ቡና የሚያጠጣኝ ምን በድዬ ነው?» አለ። ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አብረን መቁጠር ጀመርን።